ከማዕድ የተነሳው ጴጥሮስ

ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ያደረገው ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው። ሰው አልገደለም። ሰው አልሰደበም። ሃይማኖቱንም አልካደም። ከአንድ ማዕድ ተነስቶ ወደ ሌላ ማዕድ ሄደ፣ በቃ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑ ሰዎች ጋር በአንድ ገበታ ይበላ ነበር። ኋላ ከኢየሩሳሌም፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች መጡ። የመጡት ወገኖቹ ናቸው፤ ቋንቋቸው ቋንቋው፣ ሥርዓታቸው ሥርዓቱ። ያኔ ጴጥሮስ ቀስ እያለ ማፈግፈግ ጀመረ። ያስገደደው ሰው አልነበረም። «ወገኖቼ ምን ይሉኛል» የምትለው ፍርሃት ናት ያሸነፈችው። እሱ ሲነሳ ሌሎቹም አይሁድ ተነሱ። በመጨረሻ በርናባስ እንኳ ተከተላቸው።

ጳውሎስ ይህን ታሪክ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ያነሳዋል። ጴጥሮስን ለብቻው ጠርቶ አልመከረውም፤ በሁሉም ፊት ተቃወመው። ክሱ ደግሞ የሥነ ምግባር ጉድለት አልነበረም። «እንግዳ አላከበርክም» አላለውም። የጴጥሮስ አካሄድ ከወንጌሉ እውነት ጋር እንደማይገጥም ነው የነገረው። ገበታ መለየት በጳውሎስ ዓይን የትምህርተ ሃይማኖት ስህተት ነበር ማለት ነው።

ይህ ክብደት ለፈረንጅ አንባቢ ግራ ሊያጋባው ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም። በእኛ አገር አብሮ የማይበላ ሰው ወገን አይደለም። ጠበኞች የሚታረቁት፣ ማኅበርተኞች የሚተሳሰሩት፣ አማች ቤተሰብ የሚሆነው በገበታ ነው። ቅዱስ ቁርባኑም ማዕድ ነው። ስለዚህ አንድ ክርስቲያን ሌላውን ክርስቲያን በትውልዱ ምክንያት ከገበታው ካራቀው፣ በአፉ ምንም ዓይነት እምነት ቢመሰክር እጁ ሌላ ነገር እየመሰከረ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ጴጥሮስ ይህን ሳያውቅ የቀረ ሰው አለመሆኑ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 እና 10 እንደሚተርከው በኢዮጴ ሳለ ያረፈው ስምዖን በሚባል ሰው ቤት ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሰው የሚጠራው በሙያው ነው፤ ፋቂ ይለዋል። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ቆም ማለት አለበት። «ፋቂ» በእኛ አፍ ምን ሆኖ እንደኖረ ሁሉም ያውቃል። ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው በክርስቲያን አገር፣ በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል «ቡዳ» ሲባሉ፣ ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ ሲደረግ ኖሯል። ማረሻውን የሠራው ሰው በማረሻው ከታረሰው እህል አብሮ እንዳይቆርስ ይደረጋል ማለት ነው።

የሐዋርያት አለቃ ግን ያደረው ፋቂው ቤት ነው። ከዚያ ቤት ተነስቶ ነው ቂሣርያ ወደሚኖረው የሮማ መቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ የሄደው። ራእይ አይቷል፤ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ በገዛ አፉ ሰብኳል፤ ኢየሩሳሌም ተመልሶም ለምን ካልተገረዙ ሰዎች ጋር በላህ ላሉት መልስ ሰጥቷል። ይህ ሁሉ ሰው ነው አንጾኪያ ላይ የተነሳው። ማወቅ ብቻውን አላዳነውም። ፈተናው የመጣው ከባዕድ ሳይሆን ከገዛ ወገኑ ዓይን ስለነበር ነው። ዛሬም ብዙ ሰው ዘረኝነትን የሚያወግዘው ባዕድ ሰው ሲሰማው ነው። ወገኖቹ በተሰበሰቡበት ክፍል፣ በሠርግና በለቅሶ፣ በዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግን ዝም ይላል፤ ወይም አብሮ ይስቃል።

እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዘርና ስለ ብሔር ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

የመጀመሪያው መጽሐፉን ሕዝብን በደረጃ ማስቀመጫ ማድረግ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ያለው የኖኅ እርግማን ለብዙ መቶ ዓመታት ጥቁሮችን ባሪያ ለማድረግ ሲጠቀስ ኖሯል። ጽሑፉን የከፈተ ሰው ግን እርግማኑ በካም ላይ እንዳልተነገረ ያያል። የተረገመው ከነዓን ነው። የካም ልጅ ኩሽ በእርግማኑ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተጠራም። ሰዎቹ የሚፈልጉትን ነገር አስቀድመው ወስነው ማስረጃ ፍለጋ ነው ወደ መጽሐፉ የሄዱት።

ደቡብ አፍሪካን እንይ። የኬፕ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1829 ሲኖዶሷ ቅዱስ ቁርባን ለሁሉም ምእመን ያለ ቀለም ልዩነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1857 ጉዳዩ እንደገና ተነሳ። ሲኖዶሱ አዲስ አማኞች ከነባሩ ጉባኤ ጋር አብረው ቢሆኑ ተመራጭና መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሆኑን አመነ። ነገር ግን በአንዳንዶች ድካም ምክንያት አብሮነቱ እንቅፋት ከሆነ ለብቻቸው ማምለክ ይችላሉ ሲል ፈቀደ። «ድካም» የተባለው የነጮቹ ምእመናን ከጥቁር ጋር ለመቁረብ አለመፈለግ ነው። በ1881 የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። በ1948 አፓርታይድ የመንግሥት ፖሊሲ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኗ ለመቃወም የሚያስችል አፍ አልነበራትም፤ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ስትለማመደው ኖራለችና። ልብ በሉ፦ የተጀመረው በክፋት አዋጅ አይደለም። ለጥቂት ሰዎች ስሜት ሲባል በተሰጠ፣ ጊዜያዊ በሚመስል ፈቃድ ነው። ስህተቱን በስሙ ለመጥራት እስከ 1982 ድረስ ጊዜ ወሰደ። በዚያ ዓመት የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ኦታዋ ላይ ተሰብስቦ ለአፓርታይድ ሃይማኖታዊ ድጋፍ መስጠት ኑፋቄ ነው ብሎ አወጀ።

ሁለተኛው ፈጣን መልስ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ይመስላል። «በክርስቶስ ዘር የለም፤ ስለዚህ ስለ ብሔር አታንሱብን» ይላል። ሲሰሙት መንፈሳዊ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህን የሚለው ቋንቋው በመቅደሱ የሚነገር፣ ባህሉ እንደ «መደበኛ» የተቆጠረለት ሰው ነው። ያልጎደለው ሰው ስለ ጉድለት ባይወራ ደስ ይለዋል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ለዚህ መልስ አለው። የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ገና በጠዋቱ የቋንቋ ጠብ ገጠማት። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ማዕድ ችላ እንደተባሉ አቤት አሉ። ሐዋርያት «እናንተ ዘረኞች ናችሁ፤ አንድነታችንን አትበጥብጡ» አላሏቸውም። «ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን» ብለውም አላለፉትም። ስብሰባ ጠሩ፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። የማከፋፈሉ ሥራ አቤት ካለው ወገን በተገኙ ሰዎች እጅ ሳይገባ አልቀረም። ከዚህ ይበልጥ ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ ለእነዚያ መበለቶች የተለየ ቤተ ክርስቲያን አልተሠራላቸውም። አቤቱታቸው ተሰማ፤ ማዕዱም አንድ ሆኖ ቀረ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው ከባዱ ነገር።

ጳውሎስ አይሁዳዊና የግሪክ ሰው የሚባል ልዩነት እንደሌለ ሲጽፍ በዚያው ዐረፍተ ነገር ወንድና ሴትንም ጨምሯል። ክርስቲያኖች ከዚያ በኋላ ወንድና ሴት መሆናቸውን አላቆሙም። የቀረው ቅድሚያው ነው፤ አንዱ በትውልዱ ከሌላው ይልቅ ወደ እግዚአብሔር የቀረበ ነው የሚለው ነገር ነው የፈረሰው። ያው ጳውሎስ ከብንያም ነገድ መሆኑን ይናገራል፤ ለሥጋ ዘመዶቹ ያለውን ጭንቀትም በሮሜ መልእክት ላይ አይደብቅም። የዮሐንስ ራእይም በዙፋኑ ፊት የሚቆመውን ሕዝብ ሲስል ነገዱና ቋንቋው ልዩ ልዩ እንደሆነ እያሳየ ነው። ቋንቋው ሰማይ ድረስ ከደረሰ፣ በምድር ላይ በቋንቋዬ ልማር፣ በቋንቋዬ ልቀደስ ያለ ሰው ኃጢአት አልሠራም።

ለዚህ ከአገራችን ታሪክ አንድ ምስክር መጥራት ይበቃል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ያገኘው ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ ከጻፈለት ባሪያ ነው። ራሷም ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ሥራው ማንንም ከማዕድ አላስነሳም፤ ያልተጠሩትን ወደ ማዕዱ ጠራ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳችን የሆነ ፈተና አለብን። ስማችን በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ይገኛልና ያንን እንደ ሜዳልያ ደረታችን ላይ እንሰካዋለን። ከሚወደዱት ቦታዎች አንዱ አሞጽ ምዕራፍ 9 ቁጥር 7 ነው። ነቢዩ በዚያ ቦታ ላይ እስራኤልን ከኢትዮጵያውያን ጋር ያመሳስላል። ብዙ ሰባኪ ይህን ጠቅሶ «እኛ እንደ እስራኤል የተመረጥን ነን» ይላል። ግን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ነቢዩ ወዲያው ፍልስጥኤማውያንንና ሶርያውያንንም ያመጣል፤ እነሱንም ከነበሩበት ያወጣቸው ያው አምላክ ነው። አሞጽ ስለ ኢትዮጵያ ሊዘምር አልተነሳም። በመመረጡ የሚመካ ሕዝብ ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ እየጠየቀ ነው። ትምክህትን ሊያፈርስ የተነገረ ቃል በእኛ እጅ የትምክህት መሠረት ሆነ።

«አሕዛብ» የሚለውንም ቃል እንይ። በግዕዝ የሕዝብ ብዙ ቁጥር ነው፤ ሕዝቦች ማለት ነው። በአፋችን ግን ስድብ ሆኗል፤ ሌሎቹን፣ ያላመኑትን መጥሪያ። በአዲስ ኪዳን አነጋገር ግን አይሁዳዊ ያልሆነ ሁሉ አሕዛብ ነው። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ትግሬውም፣ ወላይታውም፣ ጉራጌውም ወደ ገበታው የገባው ጳውሎስ በተሟገተለት በር ነው። በእንግድነት የገባ ሰው ሌላውን እንግዳ በር ላይ ሲያግድ ማየት ያሳዝናል።

ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ የተተከለችው በውጭ ሰው እጅ ነው። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስ የአክሱም ተወላጅ አልነበረም። ተሰዓቱ ቅዱሳን ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ፣ 1,600 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣ ሰው ነበር። ይህ ሲባል የራስ ጳጳስ መፈለግ ስህተት ነበር ለማለት አይደለም፤ ኢትዮጵያውያን አባቶች ለዚያ መብት ረጅም ጊዜ ተሟግተዋል፣ ተገቢም ነበር። ግን የመጀመሪያውን ወንጌል የሰጠን ሰው የዘር ሐረጉ ቢጠየቅ ኖሮ አክሱም ላይ ባልተቀበለው ነበር።

የራስን ጳጳስ የመፈለግ ጥያቄ የሌሎችንም ቤት አንኳኩቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን ቡልጋሮች በኦቶማን ግዛት ሥር ሆነው በግሪክ ጳጳሳት ይመሩ ነበር። ቅዳሴው በብዙ ቦታ ለእነሱ ባዕድ በሆነ ቋንቋ ነበር፤ ጩኸታቸው እውነተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ሱልጣኑ የራሳቸውን የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ፈቀደላቸው። በ1872 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን በዘር መሠረት ማደራጀትን እንደ ኑፋቄ አወገዘ። ውግዘቱ ትክክል ነበር፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ምእመንን በትውልድ ለይቶ ለየብቻ ጳጳስ መሾም የጴጥሮስን ስህተት ሥርዓት ማድረግ ነው። አውጋዦቹ ግን ንጹሓን አልነበሩም። ቡልጋሩ በቋንቋው ሲጠይቅ በጊዜው የሰማው ቢኖር ነገሩ እዚያ ባልደረሰ። ዕርቁ የመጣው በ1945 ነው፤ ከ73 ዓመት በኋላ።

ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው ጥር 2015 ዓ.ም. የሆነውን ሲያይ አይገረምም፤ ያዝናል እንጂ። ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ ወሊሶ ላይ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ያነሱት ምክንያት ምእመናን በኦሮምኛ በበቂ ሁኔታ አልተገለገሉም የሚል ነበር። ሲኖዶሱ ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎ አወገዘ። አገር ታመሰ፤ ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ፤ በሕዝቡ ቋንቋ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከርም ከተስማሙባቸው ነጥቦች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በመጨረሻ ተገቢ ነው ተብሎ የተፈረመበት ነገር ሰው ሳይሞት በፊት ለምን አልተሰማም? በሌላ በኩል ደግሞ፣ የአገልግሎት እጦት ያመመው አባት ለምን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን መንገድ ትቶ ሌላ ገበታ ዘረጋ? አንዱን ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ወገን ለይቷል።

የትግራይ ቁስል ከዚህም ይከፋል። በጦርነቱ ጊዜ ምእመናን ሲያልቁ የእናት ቤተ ክርስቲያን ድምፅ አልተሰማንም ያሉ አባቶች የራሳቸውን መዋቅር አቆሙ፤ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. አክሱም ላይ ጳጳሳት ተሾሙ። ሥርዓተ ቀኖናን መጥቀስ ይቻላል፣ ይገባልም። ግን ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ዘመድ በተዝካሩ ቀን ቢመጣ የሚጠብቀው ምን ዓይነት ፊት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ቀኖናው ለቅሶ መድረስን አይተካም።

ወንጌላውያኑም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። «እኛ ጋ ዘር የለም» የሚል ጉባኤ ሽማግሌዎቹን ሲመርጥ፣ ሰባኪው በፖለቲካ መድረክ ላይ ስለ ማን ደም እንደሚያለቅስና ስለ ማን ደም ዝም እንደሚል ሲታይ እውነቱ ይወጣል። በውጭ አገር ያሉትም እንዲሁ ናቸው፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሃይማኖት፣ ግን አገር ቤት በሆነ ነገር ተለያይተው በየፊናቸው አዳራሽ የሚከራዩ ጥቂት አይደሉም።

ይህ ሁሉ የካህናት ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ ሩዋንዳን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳ ሕዝብ አብዛኛው ክርስቲያን ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 3 ቀን ተከበረ። ግድያው የጀመረው ሚያዝያ 7 ነው፤ በአራተኛው ቀን። አብረው «ተነስቷል» ያሉ ሰዎች በሳምንቱ አንዱ አሳዳጅ፣ አንዱ ተሳዳጅ ሆኑ። በንታራማና በንያማታ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሹ፤ በዚያው አለቁ። በመቶ ቀን 800,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ሰዎቹ ስብከት አልጎደላቸውም፤ ጥምቀትም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ከመታወቂያቸው ላይ ከተጻፈው ቃል የሚበልጥ ጥምቀት ነው። ያ መታወቂያ የተጀመረው በቤልጂየም ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1930ዎቹ ነው። በእኛም አገር የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ ኖሯል፤ ለምን እንደሚያስፈራ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያው አገር ግን ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1997 ታጣቂዎች ንያንጌ በሚባል ቦታ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ተማሪዎቹን ሁቱና ቱትሲ ሆናችሁ ለዩ አሏቸው። ልጆቹ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው እንቢ አሉ። ታጣቂዎቹ ተኮሱ፤ ከልጆቹ መካከል የሞቱ አሉ። ከመካከላቸው ሁቱ የሆኑት ወደ አንድ ጎን ቢቆሙ ይተርፉ ነበር። የተጠየቁት ጴጥሮስ ከተጠየቀው የሚበልጥ ነገር ነበር፤ አልተነሱም።

ይህን ከማንም አንጠብቅም፤ እንዲመጣም አንመኝም። ከእያንዳንዱ ክርስቲያን የሚጠበቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የገዛ ወገኑ ሌላውን ሲሰድብ አብሮ አለመሳቅ ነው። የሟቹ ስም ከመጠየቁ በፊት ማዘን ነው። በቋንቋዬ አልተገለገልኩም ያለውን ሰው ከመፈረጅ በፊት ማዳመጥ ነው። አቤቱታ ያለውም ሌላ ገበታ ከመዘርጋቱ በፊት በዚህኛው ገበታ ላይ አጥብቆ መጠየቅ ነው። የፋቂውን ልጅ ለልጁ ሲጠየቅ «ዘሩ ማን ነው» የሚለውን ጥያቄ መዋጥ ነው።

ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ላይ የደረሰችው በአንድ ቀን አይደለም። «ለአንዳንዶች ድካም» ተብሎ አንድ ማዕድ ሁለት ሲሆን ማንም አላለቀሰም ነበር። በየደብራችንና በየጉባኤያችን ዛሬ «ለጊዜው ነው» እየተባለ የሚለየው ገበታ የቱ እንደሆነ እያንዳንዱ በየቤቱ ያውቀዋል።